ሲሮጡ የታጠቁት

እኛ አራት ነን። በአንድ ዶርም ውስጥ ሁለት ተደራራቢ አልጋ ተካፍለን ዓመታት የኖርን፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀባብለን የጠጣን፣ ሳሙናዋ የማን እንደሆነች ሳንጠያየቅ የጨረስን አራት ተማሪዎች። በመካከላችን «የኔ» የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። ይህንንም እንደ ትልቅ ምግባር ስንቆጥረው ኖረናል፤ ዛሬም ቢሆን ክፉ ነው ልንል አልተነሣንም። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ የደረሰብን ነገር፣ «የጋራ» በሚለው ቃል ውስጥ አንድ ቀዳዳ እንዳለ አሳይቶናል። ነገሩን ለመናገር ስናፍር ቆይተናል። አሁን ግን ተመርቀን ከመበታተናችን በፊት ቁጭ ብለን፣ ተከራክረን፣ ተስማምተን ጻፍነው።

አምስተኛችን ቮልስ ናት። የአንደኛው ጓደኛችን አባት ንብረት ስትሆን በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ 1300 የምትባለዋ፣ ቀለሟ ከሰማያዊነት ወደ አመድነት የሄደ ዕድሜ ጠገብ መኪና ነች። አባባ በ1978 ዓ.ም. ነው የገዟት። አባባ እንላቸዋለን፤ ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲሁ ነው። ሦስቱም ልጆቻቸው ተወልደው ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጡት በእሷ ነው። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ቁልፉን ለልጃቸው ሰጡ። ለልጃቸው ሰጡ ማለት ደግሞ ለእኛ ሰጡ ማለት ነበር።

ቮልስ ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተወሰዱት በአንዲት ቮልስ ነው። የንጉሥ ታሪክ የጫነች፣ የአስተማሪውንና የጸሐፊውን ቤተሰብ ያመላለሰች፣ ዛሬም በአዲስ አበባ ዳገት ላይ እያጓራች የምትወጣ መኪና ነች። በመላው ዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ ወጣች፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲሰበር በአብዛኛው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ከሞተች ቮልስ ላይ የተፈታ አሮጌ ዕቃ፣ ወይ ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ የሠራው አዲስ ዕቃ። የእኛም ጣጣ የጀመረው ከዚህ መንታ መንገድ ላይ ነው።

የቮልሷ ቸርኬዎች የብረት ናቸው። 15 ኢንች፣ ባለ አምስት ብሎን። በክረምቱ ማብቂያ ላይ አንዱ ቸርኬ ጉድጓድ ገብቶ ተጣመመ። ቀድሞም ሁለት ጊዜ ተበይዶ ነበር። አባባ ይህን ሲያዩ፣

«መካኒኩ ጋ ውሰዷትና እሱ የሚላችሁን አንድ የብረት ቸርኬ ፈልጉ» አሉን።

እኛ ግን አንድ ቸርኬ መፈለጉን ትተን አራት ቸርኬ ማለም ጀመርን። እውነቱን እንናገር። በግቢያችን በር ላይ የሚቆሙት መኪኖች የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ያጠለቁ ናቸው፤ የእኛዋ ግን የዛገ እግሯን ይዛ በመካከላቸው ስትቆም እንደ ባዶ እግር የገጠር ልጅ እናፍርባት ነበር። እናፍርባት ነበር ስንል ያፈርነው በራሳችን ነው። ድህነታችንን መኪናዋ ላይ አየነው። ስለዚህ አስጠናን፣ ተበደርን፣ እያንዳንዳችን 5,500 ብር አዋጣንና 22,000 ብር ይዘን መርካቶ ወረድን።

ከአንድ ሱቅ ውስጥ አራት የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ተደርድረው አገኘን። እንደ ብር ትሪ ያበራሉ። በሌላ ቦታ የጠየቁን ዋጋ ከዚህ እጥፍ በላይ ነበር።

«ለቮልስ ይሆናል?» አልን።

«ለቮልስ ነው የተሠራው። ባለ አምስት ቀዳዳ ነው፣ ቁጠሩት።»

ቆጠርነው። አምስት ነው።

«ብሎኑስ?»

«የራሳችሁን ብሎን ትጠቀማላችሁ። ብሎን ብሎን ነው።»

ይህ «ብሎን ብሎን ነው» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ በእኛ ዘንድ ተረት ሆኗል። አንዱ ሳያስብ ሲናገር ሌላው «ብሎን ብሎን ነው» ይለዋል። በዚያን ቀን ግን እንደ ወንጌል ተቀበልነው። ከአራታችን ሁለታችን ምህንድስና እንማራለን። አሳፋሪው ይህ ነው። ስለ ብሎን ጥርስ፣ ስለ መጨመቂያ ኃይል፣ ስለ ሰበቃ ተፈትነን ያለፍን ሰዎች ነን። ዕውቀታችን ግን ከፈተናው ወረቀት ወደ መርካቶ አብራን አልወረደችም።

ቸርኬዎቹን የገጠምነው ዓርብ ማታ ጉለሌ በአባባ ግቢ ነው። ጎማዎቹን ጎሚስታው ቀን ላይ አስገብቶልን ነበር። መካኒክ ጋ መሄዱን ተውነው፤ ገንዘቡ አልቋል፣ ደግሞ ጎማ መቀየር ምን ያቅታል? አንዱ ክሪኩን ይዞ ያነሣል፣ አንዱ አሮጌውን ይፈታል፣ አንዱ አዲሱን ያስገባና ብሎኑን በጣቱ ያዞራል፣ አንዱ መብራት ያበራል። እንሳሳቃለን፣ ቦታ እንለዋወጣለን። በመሃል የመንደሩ መብራት ጠፋ። በስልካችን ብርሃን ቀጠልን። ሦስተኛውን ጎማ እንደጨረስን ይሁን አራተኛውን፣ ከቤት ውስጥ «ኑ፣ ራት ቀርቧል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መፍቻውን እደጁ ላይ ጥለን ገባን። ስንወጣ ቮልሷ በአራት እግሯ ቆማ ነበር፤ ክሪኩም ተነሥቶ ነበር። ተጨባበጥን።

ጎማ በክሪክ ላይ ሳለ በከፊል ይጠብቃል፤ መሬት ሲነካ ደግሞ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። የቀኙን የፊት ጎማ በመጨረሻ ያጠበቀው ማን ነው? ዛሬም አናውቅም። አራታችንም ሌላው ያጠበቀው ይመስለን ነበር።

ቅዳሜን ዋልንባት። ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ቦሌ፣ ወደ ሳሪስ፣ ያለ ጉዳይ ዞርን። ሰው ዞሮ ሲያየን ደስ ይለናል። አዲሶቹ ቸርኬዎች ጎማውን ከቀድሞው ወደ ውጭ ገፋ ስላደረጉት ቮልሷ ትከሻዋን የነፋች መሰለች፤ ይህንንም ወደድነው። ማታ ላይ መሪው ትንሽ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «መንገዱ ነው» አልን። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅም ነበር። «አዲስ ስለሆነ ነው» አልን። ሰው አንድን ነገር ከወደደው ምክንያት አያጣለትም።

እሑድ ጠዋት ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። የአባባ የልጅ ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ ልጅ፣ «እኔም እሄዳለሁ» ብላ አለቀሰችና ከኋላ በሁለታችን መካከል አስቀመጥናት። አባባ በመስኮቱ ገብተው ግንባሯን ሳሙና፣

«ቀስ ብላችሁ፣ እሺ?» አሉ።

«እሺ አባባ» አልን፤ አራታችንም በአንድ ድምፅ።

የእንጦጦን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደርሳል። ስንወጣ ቮልሷ እያጓራች በዝግታ ስለወጣች ምንም አልተሰማንም። ከቀትር በኋላ ቁልቁል ስንመለስ ግን መሪው እንደ ታመመ ሰው እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚነዳው ጓደኛችን በሁለተኛ ማርሽ ይዟት ነበር። በኋላ እንደተነገረን ያዳነን ይኸው ዝግታ ነው።

በመንገዱ ቀኝ ዳር አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ይወርዳሉ። ሸክሙ ከእሳቸው ይበልጣል፤ አጎንብሰው ስለሚሄዱ ዓይናቸው የሚያየው መሬት መሬቱን ነው። በአጠገባቸው ስናልፍ ድንገት ጮኹ፦

«እናንተ ልጆች! ቁሙ! እግሯ ሊወልቅ ነው! ቁሙ!»

ቆምን። የእጅ ፍሬን ተያዘ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ተደረገ። ወርደን አየን። የቀኙ የፊት ጎማ ወደ ውጭ ዘንበል ብሏል። ከአምስቱ ብሎኖች አንዱ የለም። ሁለቱን በጣታችን ስናዞራቸው ዞሩ። የቀሩት ሁለቱ ተጣመው ይዘዋል፤ ያዙ ከተባለ። የቸርኬው ቀዳዳዎች ከክብነት ወደ ሞላላነት ተበልተው፣ በዙሪያቸው ብርማ የብናኝ ዱቄት ፈስሷል። ከመንገዱ ማዶ ገደሉ አለ። ማንም ምንም አልተናገረም። ልጅቷ ከመኪናው ውስጥ አንገቷን አውጥታ፣

«ደረስን እንዴ?» አለች።

እኚያ እናት ሸክማቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው አረፉ። ልጅቷን አዩ፣ እኛን አዩ። ከዚያ ሳይቆጡ እንዲህ አሉን፦

«እኔ ገመዴን ሦስት ጊዜ ነው የማጠብቀው። አንዴ ስሸከም፣ አንዴ ትንሽ ሄጄ ሸክሙ ሲረጋ፣ አንዴ ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ። እናንተ አታጠብቁትም እንዴ?»

መልስ አልነበረንም።

ሁለታችን ልጅቷን ይዘን በታክሲ ወረድን፤ ሁለታችን መኪናዋን ጠበቅን። አመሻሽ ላይ አሮጌ ቸርኬና መካኒኩ መጡ። መካኒኩ ጋሼ የምንላቸው፣ ብዙ ቮልስ ፈትተው የገጠሙ ሰው ናቸው። ጎማውን አውርደው፣ ቸርኬውን ገልብጠው፣ አንዱን ብሎን በመዳፋቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለው ያስተማሩን ነገር ለዚህ ሁሉ ጽሑፍ ምክንያት ስለሆነ፣ መኪና የሌለው አንባቢም ቢሆን ታግሦ ያንብበው። ነገ በሰው መኪና መሳፈሩ አይቀርም።

«መኪናዋን የሚሸከማት ምኑ ነው?» ብለው ጠየቁን።

«ብሎኑ» አልን።

«አይደለም! ብሎን እንደ ገመድ ነው። ሥራው ቸርኬውን ከታምቡሩ ጋር ጨምቆ ማሰር ነው። ሸክሙን የሚይዘው የሁለቱ ብረት መጣበቅ ነው። መጣበቁ ከላላ ቸርኬው በብሎኑ ላይ ይንሸራተታል፣ ብሎኑን ይመታዋል፣ ያጣምመዋል፣ ይቆርጠዋል።»

ሰበቃ ማለታቸው ነው። ተፈትነን ያለፍንበት ሰበቃ። የቮልስ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 500 ጊዜ ያህል ይዞራል። ቅዳሜና እሑድ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደናል። እንግዲህ የላላው ጎማ 45,000 ጊዜ ያህል ዞሯል ማለት ነው፤ በየዙሩም ብሎኑን መትቶታል።

ሁለተኛው ነገር የብሎኑ ራስ ነው። የቮልስ ዋና ብሎን ከራሱ ሥር ያለው መቀመጫ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የብረቱ ቸርኬ ቀዳዳም እሱን እንዲቀበል እንደ ስኒ ተጎድጉዷል። የገዛነው የአሉሚኒየም ቸርኬ ቀዳዳ ግን ሾጣጣ ነው፤ የሚፈልገው ሾጣጣ ራስ ያለው ብሎን ነው። ክብ ነገር በሾጣጣ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ የሚነካው በአንድ ቀጭን ቀለበት ብቻ ነው። መፍቻው «ጠብቋል» ይላል፣ ክንድም «ጠብቋል» ይላል፤ ትንሽ ሲነዳ ግን ያች ቀጭን መስመር አሉሚኒየሙን ትበላውና ጭምቁ ይጠፋል። ደግሞ በመቀመጫው ላይ ወፍራም አዲስ ቀለም ተቀብቶበት ነበር። ቀለም ሲጨመቅ ይሸሻል፤ በሸሸ መጠን ብሎኑ ይላላል።

ሦስተኛው የብሎኑ ርዝመት ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ከብረቱ ቸርኬ ይወፍራል። ስለዚህ ለብረቱ የተሠራው ብሎን ወፍራሙን ቸርኬ አልፎ ታምቡሩ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ብቻ ነው። ጋሼ አንዱን ደህና ብሎን በጣታችን አስገብተን ዙሩን እንድንቆጥር አደረጉን። አራት ተኩል ዙር ቆጠርን። የእኛ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየዙሩ የሚገባው 1.5 ሚሊ ሜትር። የተለመደው ሕግ ቢያንስ የውፍረቱን ያህል ይግባ ነው የሚለው፤ 12 ለ1.5 ሲካፈል 8 ዙር። እኛ ግማሹን በትንሽ አልፈን ስምንት ዓመት ልጅ አሳፈርን። ይህን ሒሳብ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል።

«ታዲያ ረጅም ብሎን ብንገዛስ ኖሮ?» አለ ከእኛ አንዱ።

«በጣም ከረዘመም ውስጥ ገብቶ የፍሬኑን ዕቃ ይነካል። ልክ ነው የሚያስፈልገው፣ የኔ ልጅ። ረጅምም አይደለም፣ አጭርም አይደለም፤ ልክ።»

አራተኛውን ነገር ደግሞ ያሳዩን በቸርኬው ጀርባ ላይ ነው። ብዙ አምራቾች በጀርባው ላይ የሚሸከመውን ከፍተኛ ክብደትና የተፈተነበትን ደንብ ምልክት ይቀርጹበታል። የጃፓኑ ደንብ ለምሳሌ ጄ.ደብሊው.ኤል. ይባላል፤ ቸርኬው እየዞረ የመታጠፍ ጫናን፣ ክብደት ተጭኖበት መንከባለልንና ምትን እንዲችል ይጠይቃል። ይህ ምልክት በአምራቹ በራሱ ኃላፊነት የሚቀረጽ ስለሆነ፣ ቪ.አይ.ኤ. የሚል ሁለተኛ ምልክት ከጎኑ ሲኖር በገለልተኛ አካል ስለመፈተኑ ይናገራል። እርግጥ ነው፣ ፊደል በቅርጽ ላይ መቅረጽ ለማንም አይከብድም፤ ምልክት ያለው ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይቻልም። የእኛዎቹ ላይ ግን የውሸቱም አልነበረም። ከመጠን ቁጥሩ በቀር ጀርባቸው ባዶ ነው። ጋሼ በአንደኛው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ኩል የመሰለች ቀጭን መስመር በጥፍራቸው አሳዩን። ስንጥቅ ነው። በተበላው ስፍራ አሉሚኒየሙ ውስጥ እንደ እንጀራ ዓይን ጥቃቅን ቀዳዳ ይታያል። ሲቀልጥና ሲፈስ አየር ይዞ የቀረ ነው አሉ።

ትከሻዋን የነፋችበት ነገርም ከንቱ ውበት ነበር። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር እንደ ረጅም ዘንግ ሆኖ ኩሽኔታውን ይጎትታል፣ መሪውንም ያስቸግራል።

«አሁን እነዚህን አጥብቀን ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር?» ብለን ጠየቅን።

«ብታጠብቁትም ይላላ ነበር፤ ባታጠብቁትም ይላላ ነበር። እናንተ ሁለቱንም አገናኛችሁት» አሉና ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

ይህን ስንጽፍ ርካሽ ሁሉ መርዝ ነው እያልን አይደለም። ተማሪ ነን፣ ርካሽ ካልገዛን ምን እንገዛለን? ደግሞ ውድ የሆነውም በትክክል ካልገጠመ ያው ነው። የፋብሪካው ዋና ዕቃ ነው ብሎ መመካትም አያዋጣም፤ ሁለት ጊዜ የተበየደው አሮጌ ቸርኬያችን ዋና ነበር፣ ግን ጋሼ «ይህ ከእንግዲህ ጎማ አይይዝም» ብለው ጥለውታል። በመጨረሻ የገዛነው አባባ መጀመሪያ ያሉንን ነው፤ ከሞተች ቮልስ ላይ የተፈታ አንድ የብረት ቸርኬ። ከአዲሶቹ ከአንዱም ያነሰ ዋጋ ነበረው። ጋሼ ዝገቱን ፍቀው፣ ቀዳዳዎቹ ክብ መሆናቸውን አይተው፣ አዙረው አለመወላገዱን አረጋግጠው፣ ከመነዳሪ አስገብተው ገጠሙት። እንደኛዋ ባለ ዕድሜ ጠገብ ቸርኬ ላይ የጎማውን ከንፈር ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚይዝ ጉብታ ስለሌለው ያለ ከመነዳሪ መንዳት አይመከርም አሉ። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላም እንድንመለስና ደግመው እንዲያጠብቁት አዘዙን። ሸክሙ ሲረጋ፣ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደን ግን የአባባ ፊት ነው። ያን ማታ እውነቱን ነገርናቸው። ስለ መኪናዋ አንድ ቃል አልጠየቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ልጅቷ ተኝታለች፤ ትንሽ ቆይተው ተመለሱ።

«ማን ነው ያጠበቀው?» አሉ።

«እኛ» አልን።

«እኛ ማን?»

ዝም አልን። አንዳችን ሌላውን አየን። ከመካከላችን አንዱ «እኔ ነኝ» ቢል ውሸት ይሆናል፤ «እኔ አይደለሁም» ቢልም ውሸት ሊሆን ይችላል። ሦስት ዓመት ያሞካሸነው «እኛ» ያን ማታ መደበቂያ ጥሻ ሆኖ አገኘነው። አራት ሰው አንድን ነገር ሲይዝ ከአንድ ሰው ይልቅ አጥብቆ የያዘው ይመስላል። አንዳንድ ጊዜ ግን አራቱም የያዙት በሌላው እጅ ነው።

አባባ ጠዋት ሲነጋ ቁልፉን አልወሰዱብንም። የጎማ መፍቻውን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ በቃ፣ ይህን ብቻ።

የቸርኬዎቹ ነገር ገና አላለቀም ነበር። ሱቁ መለስናቸው፤ «እኔ ቸርኬ እንጂ ብሎን አልሸጥኩላችሁም» አለን። በቃላቱ ልክ ነው፤ አልሸጠልንም። በሳምንቱ ሌላ ቮልስ ያለው አንድ ልጅ ስለ ቸርኬዎቹ ሰምቶ 16,000 ብር እሰጣለሁ ብሎ መጣ። ያን ዕለት ዶርማችን ውስጥ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተከራከርን። ብድር አለብን። አንዱ፣

«የሆነውን ሁሉ እንንገረው፣ ከዚያ የራሱ ጉዳይ ነው» አለ።

ሌላው፣ «ሦስቱ ደህና ናቸው፣ የተሰነጠቀውን ብቻ እናስቀር» አለ።

ሦስተኛው፣ «ደህና መሆናቸውን ማን አየ? አንዱ የወጣበት ምድጃ ነው ሁሉንም ያወጣው» አለ።

አራተኛው ብዙ አልተናገረም። «ልጁ እህት አለችው» አለ፤ ከዚያ መብራቱን አጠፋ።

በማግሥቱ አራቱንም ቸርኬ በመዶሻ ጠርዛቸውን ሰብረን ለቁራሌው በኪሎ ሸጥናቸው። ሳይሰበሩ ብንሰጠው ኖሮ ተመልሰው መንገድ ላይ ይወጡ ነበር። ያገኘነው ገንዘብ ለአንድ ወር ብድር እንኳ አልበቃም። አሁን ስናስበው ጥሩ ሥራ ሠራን ብለን የምንኮራበት ነገር አይደለም፤ ለአንድ ሌሊት ያህል ልንሸጣቸው አስበን ነበርና።

ዛሬ ቮልሷ በብረት እግሯ ትሄዳለች። ደንብ አውጥተናል። የፊት ግራው ጎማ የአንዱ ነው፣ የፊት ቀኙ የሌላው፣ የኋላዎቹም እንዲሁ ባለቤት ባለቤት አላቸው። ረጅም መንገድ ከመሄዳችን በፊት እያንዳንዱ የራሱን አምስት ብሎን ይፈትሻል፤ በብሎኑ ራስና በቸርኬው ላይ የተቀባችው ቀጭን ቀለም መስመሯ ካልገጠመች ብሎኑ ዞሯል ማለት ነውና ደግሞ ያጠብቃል። ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እኔ አይቻለሁ» ይላል። «እኛ አይተናል» ማለት ክልክል ነው። ስኮርታው የልጅቷ ነው። እሷ በጣቷ ተጭና «አለ» ትላለች፤ ከሁላችንም ይልቅ ቁም ነገረኛ እሷ ናት።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ትርጉሙንም በፈተና ጽፈነዋል።

አንድ ነገር ግን ልናስተካክለው አልቻልንም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ቁጭ ባልን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፣ «እኚያን እናት ስማቸውን ማን ጠየቀ?» አለ። ማንም አልጠየቀም። «ማነው ያመሰገናቸውስ?» አለ ሌላው። አራታችንም ሌላው ያመሰገናቸው ይመስለን ነበር። ሁለት ጊዜ ወደ እንጦጦ ወጥተን በዚያው ሰዓት መንገዱ ዳር ቆመን ጠበቅናቸው። ሌሎች እናቶች በሸክማቸው ሥር አጎንብሰው አለፉ፤ እሳቸው ግን አልነበሩም። ወደፊትም እንፈልጋቸዋለን። በዚህ ጊዜ ግን ተራ ተራ ነው የምንወጣው፤ እያንዳንዳችን ለየብቻ።